ሎራንዳይት፦ አገር የተፈራረቀበት ቀይ ድንጋይ

ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ሰው «ሐኪምን ከድንጋይ ጋር ምን አገናኘው?» ብሎ ቢጠይቅ አልፈርድበትም። ሙያዬ የነርቭ ሕክምና ነው፤ ስለ ማዕድን በትምህርት ቤት የቀሰምኩት ዕውቀት የለም። ወደዚህ ድንጋይ የመሩኝ አንዲት በሽተኛ ናቸው፤ ከድንጋዩ ጋር ያቆራኘኝ ግን የራሴው የትውልድ ስፍራ ጉዳይ ነው። ሁለቱንም በየተራቸው እገልጻለሁ። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ ገና የነርቭ ሕክምና እየተማርኩ ሳለ፣ እንደ እኔው ስደተኛ የሆኑ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ወደምሠራበት ሆስፒታል መጡ። «እግሬን እሳት ላይ የቆምኩ ያህል ያቃጥለኛል» አሉኝ። አንሶላ ሲነካቸው እንኳ ይጮኹ ነበር። ከጥቂት ቀናት በፊት ሆዳቸውን በብርቱ ታመው እንደነበር ነግረውኛል፤ እኔ ግን ሁለቱን ነገሮች አላገናኘኋቸውም። የነርቭ ብግነት ነው ብዬ ጻፍኩ። በሦስተኛው ሳምንት ጠጉራቸው በእፍኝ በእፍኝ ይረግፍ ጀመር፤ ጭንቀት ነው አልኳቸው። ይህን ቃሌን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ስደተኛ ሴት የማይገባን ሕመም ይዛ ስትመጣ «ጭንቀት» ብሎ መገላገል ለእኛ ለሐኪሞች እጅግ ቀላል ነው። አንድ አዛውንት ባልደረባዬ አንዲት ጠጉር ነቅለው በማይክሮስኮፕ ተመለከቱና ከሥሯ ላይ ያለውን ጥቁረት አሳዩኝ። ታሊየም ነበር። ሴትዮዋ አሮጌ መጋዘን ሲያጸዱ፣ ከብዙ ዓመት በፊት ለአይጥ የተቀመጠ ዱቄት ጠርገው እጃቸውን ሳይታጠቡ ምሳቸውን በልተው ኖሯል። ሕይወታቸው ተረፈ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ያለ ከዘራ አልሄዱም።

በጸጸት ተነሣሥቼ ስለ ታሊየም የተጻፈውን ሳገላብጥ፣ ይህ ብረት ዋነኛ አካሉ የሆነ ሎራንዳይት የተባለ ማዕድን እንዳለ አነበብኩ። ስሙ አስገረመኝ። በ1987፣ በ18 ዓመቴ፣ በነጻ የትምህርት ዕድል ወደ ሃንጋሪ ሄጄ ሕክምና የተማርኩት ቡዳፔስት ነው። በዚያች ከተማ የሚገኘው ታላቁ ዩኒቨርሲቲ የሚጠራው በኧትቨሽ ሎራንድ ስም ነው። ድንጋዩም የተሰየመው በዚሁ ሰው መሆኑን ስረዳ፣ የድሮ ጎረቤቴን በማላውቀው አገር ያገኘሁት ያህል ተሰማኝ።

በመጀመሪያ ስለ ድንጋዩ ባሕርይ ጥቂት ልበል። ሎራንዳይት ሊቃውንቱ ሰልፎሶልት ከሚሏቸው ማዕድናት ወገን ነው፤ ይኸውም አንድ ብረት እንደ አርሴኒክ ወይም እንደ አንቲሞኒ ካለ ንጥረ ነገርና ከድኝ ጋር ተዋሕዶ የሚፈጥረው ማዕድን ማለት ነው። ከዚህ ወገን ደማቅ ቀይ የሆኑት ጥቂት ናቸው። ብር ያለባቸው ፕሩስታይትና ፓይራርጅራይት በማዕድን አውጪዎች ዘንድ «ቀይ ብር» እየተባሉ ለረጅም ዘመን ኖረዋል። ሎራንዳይት በብር ፈንታ የያዘው ታሊየምን ነው። ለአንድ የታሊየም አቶም አንድ የአርሴኒክና ሁለት የድኝ አቶሞች ይደርሱታል፤ በክብደት ሲሰላ ከመቶ 59 እጅ ያህሉ ታሊየም ነው።

ቀለሙ የደም መልክ አለው፤ ከውጭ ግን ብዙውን ጊዜ ጥቁር ግራጫ ልባስ ስለሚለብስ ያልለመደ ዓይን እርሳስ መስሎት ያልፈዋል። ባልተለበጠ ነጭ ሸክላ ላይ ሲፈተግ ቀይ መስመር ይተዋል። ጥንካሬው በሞስ መለኪያ ከ2 እስከ 2.5 በመሆኑ የጣት ጥፍር ሊጭረው ይችላል። ክብደቱ ግን በመጠን ከሚስተካከለው ውሃ አምስት እጥፍ ተኩል ነው። በቀላሉ ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀው ስስ ቅርፊትም ሳይሰበር ይተጣጠፋል። ለስላሳና መርዛም ስለሆነ ለጌጥ አይውልም። በቻይና፣ በኢራንና በአሜሪካ በዩታና በዋዮሚንግ ግዛቶች በጥቂቱ ተገኝቷል፤ ዋናው መኖሪያው ግን በዛሬዋ ሰሜን መቄዶንያ፣ በግሪክ ድንበር አጠገብ፣ ኮዙፍ በተባለው ተራራ ላይ የሚገኘው የአልሻር ማዕድን ማውጫ ነው። በአልሻር ሎራንዳይት የሚገኝበት ስፍራ ጽርቨን ዶል ይባላል፤ ትርጉሙ «ቀይ ሸለቆ» ነው። በአካባቢው ማይደን የምትባል መንደር አለች። ቃሉ በቱርክኛ በኩል ከዐረብኛ የተወረሰና ማዕድን ማውጫ ማለት ሲሆን፣ እኛም በአማርኛ «ማዕድን» የምንለው ከዚያው ምንጭ ነው። በባልካን ተራራ ላይ የአገሬን ቃል ማግኘቴ ደስ አሰኝቶኛል።

አልሻር በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ሥራ ሲጀምር አገሩ የኦቶማን ቱርኮች ግዛት ነበር። የሚፈለጉት አንቲሞኒና አርሴኒክ ነበሩ። ስሙ የመጣው በሳሎኒካ ታዋቂ ከነበረው ከአላቲኒ የነጋዴዎች ቤተሰብና ሻርቶ ከተባለ ፈረንሳዊ ስሞች መነሻ ፊደላት መሆኑ ይነገራል። ይኸው ቤተሰብ በሳሎኒካ ያሠራው ቪላ በሌላ ምክንያትም ታሪክ ውስጥ ገብቷል፤ ሱልጣን አብዱልሃሚድ 2ኛ በ1909 ከዙፋናቸው ወርደው ሲጋዙ እስከ 1912 ድረስ ታስረው የኖሩት በዚያ ቤት ነው።

ከአልሻር የመጣውን ቀይ ማዕድን በ1894 ለመጀመሪያ ጊዜ ለይቶ የገለጸው ሃንጋሪያዊው የማዕድን ሊቅ ክሬነር ዮዤፍ ነው። ስሙንም ለአገሩ ሰው ለፊዚክስ ሊቁ ለኧትቨሽ ሎራንድ ሰጠው። ኧትቨሽ በዚያ ዓመት የአገሩ የሃይማኖትና የትምህርት ሚኒስትር፣ የሳይንስ አካዳሚውም ፕሬዚዳንት ነበር። የመሬትን ስበት እጅግ ጥቃቅን ልዩነት የሚለካው ሚዛኑ በኋላ ዘመን ለነዳጅ ዘይት ፍለጋ አገልግሏል። ሃንጋሪያውያን የቤተሰብን ስም አስቀድመው የግል ስም ያስከትላሉ፤ ድንጋዩ የተጠራው ግን በሰውየው በራሱ ስም በሎራንድ ነው። ይህ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ማብራሪያ የሚያሻው አይደለም።

ወደ ታሊየም ልመለስ። ይህን ንጥረ ነገር በ1861 ያገኘው እንግሊዛዊው ዊልያም ክሩክስ ነው። ከሰልፈሪክ አሲድ ፋብሪካ የተረፈ ዝቃጭ በነበልባል አቃጥሎ ብርሃኑን ሲመረምር፣ ከዚያ በፊት ያልታየ ደማቅ አረንጓዴ መስመር አየ። ስለዚህም በግሪክኛ ለምለም ቡቃያ ከሚለው ቃል ስም አወጣለት። በሚቀጥለው ዓመት ፈረንሳዊው ክሎድ ኦጉስት ላሚ ብረቱን ራሱን በብዛት ለይቶ አወጣ፤ የቀዳሚነቱም ክርክር ሁለቱን አገሮች አነታረከ።

የቡቃያ ስም የወጣለት ነገር የሰው ጠጉር የሚያረግፍ ሆነ። የሚያሳዝነው፣ ሐኪሞች ይህን ጉዳቱን እንደ ጥቅም መቁጠራቸው ነው። በሃያኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ዐሥርት ዓመታት ቆረቆር የያዛቸው ሕፃናት ጠጉራቸው እንዲረግፍና ቆዳቸው እንዲታከም ታሊየም አሲቴት ይሰጣቸው ነበር፤ በመድኃኒትነትና በመርዝነት መካከል ያለው ልክ እጅግ ጠባብ ስለሆነ የሞቱ አሉ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ኮረምሉ የተባለ የጠጉር ማስወገጃ ቅባት ብዙ ሴቶችን ለነርቭ ሕመም ዳርጓል። ለአይጥ መግደያነት መዋሉ በአሜሪካ የተከለከለው በ1972 ነው። ጨዎቹ ጣዕምም ሽታም የላቸውም። ሰውነታችን ፖታሲየም መስሎት በገዛ በሩ ያስገባዋል፤ ወደ ነርቭና ወደ ልብ የሚደርሰውም በዚሁ መንገድ ነው። ማርከሻው የሠዓሊዎች ቀለም የነበረው የፕራሺያ ሰማያዊ ነው፤ በአንጀት ውስጥ ታሊየሙን ይዞ ያስወጣዋል።

በስደት ለምንኖር ሰዎች ከዚህ ታሪክ ሊዘለል የማይገባው አንድ ምዕራፍ አለ። የካሜሩን የነጻነት ታጋይ ፌሊክስ ሙሚዬ ሐኪም ነበር። ድርጅቱ ታግዶ፣ ከአገሩ ተሰዶ በሚታገልበት ጊዜ፣ በጥቅምት 1960 ጄኔቭ ውስጥ ጋዜጠኛ ነኝ ባለ ሰው እራት ተጋበዘ። ጋባዡ የፈረንሳይ የስለላ ሰው ነበር። ሙሚዬ ኅዳር 3 ቀን ሞተ፤ የገደለውም ታሊየም ነው። በጋባዡ ላይ የተከፈተው ክስ ያለ ፍርድ ተዘጋ። ሐኪሙ ሙሚዬ የገዛ ሕመሙን ምልክቶች እየቆጠረ ስንት ሌሊት እንዳነጋ ባሰብኩ ቁጥር፣ እኔ «ጭንቀት» ያልኳቸው ሴትዮ ትዝ ይሉኛል።

የሎራንዳይት ታሪክ ግን በመርዝ አላበቃም። በ1976 የፊዚክስ ሊቃውንት አንድ አስደናቂ ሐሳብ አቀረቡ። ፀሐይ በውስጧ ሃይድሮጅንን ወደ ሂሊየም ስትለውጥ ኒውትሪኖ የተባሉ እጅግ ረቂቅ ቅንጣቶችን ትረጫለች። በየሰከንዱ 60 ቢሊዮን ያህሉ በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ያልፋሉ፤ ሥጋችንንም ምድርንም ሳይነኩ ይሻገራሉ ማለት ይቻላል። ከስንት አንዴ ግን አንዱ ኒውትሪኖ ታሊየም 205 የተባለውን አቶም ይመታና ወደ እርሳስ 205 ይለውጠዋል። ለዚህ ለውጥ የሚያስፈልገው ጉልበት እጅግ አነስተኛ በመሆኑ፣ በሌሎች መሣሪያዎች ለመያዝ አዳጋች የሆኑት ደካማ ኒውትሪኖዎች ሳይቀሩ አሻራቸውን ይተዋሉ። እርሳስ 205 ደግሞ በ17 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በግማሽ ብቻ ስለሚቀንስ አይጠፋም። የአልሻር ሎራንዳይት ዕድሜው 4.3 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። ሌሎቹ መሣሪያዎች የሚነግሩን ፀሐይ ዛሬ የምታደርገውን ነው፤ ይህ ድንጋይ ግን የአራት ሚሊዮን ዓመት መዝገብ ይዟል። ሎሬክስ የተባለው ምርምር የተቋቋመው ይህን መዝገብ ለማንበብ ነው።

ንባቡ ቀላል አይደለም። የሚፈለጉት አቶሞች እጅግ ጥቂት ናቸው። ከሰማይ የሚወርዱ የኮስሚክ ጨረሮችም ያንኑ እርሳስ ሊፈጥሩ ስለሚችሉ፣ ድንጋዩ በየዘመኑ ምን ያህል ጥልቀት ላይ እንደነበር፣ ተራራው በዝናብና በነፋስ በምን ፍጥነት እንደተሸረሸረ መታወቅ አለበት። የፀሐይን ታሪክ ለማወቅ አስቀድሞ የተራራውን ታሪክ መጠየቅ ግድ ይላል። ኒውትሪኖ ታሊየምን የሚለውጥበትን መጠን ለማስላት የሚረዳ ልኬት በጀርመን በዳርምሽታት የምርምር ማዕከል በ2020 ተካሂዶ፣ ውጤቱ በ2024 ታትሟል። ኤሌክትሮኖቹ ሁሉ የተገፈፉበት ታሊየም 205 በ291 ቀናት ገደማ በግማሽ እንደሚቀንስ ተለካ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በምኖርበት ከተማ ሙዚየም ይህን ድንጋይ በዓይኔ ለማየት ፈቃድ ጠየቅሁ። የክፍሉ ኃላፊ የነበሩት ሴት መሳቢያ ስበው አወጡልኝ። የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቀይ ቁራጭ በጥጥ ላይ ተቀምጣለች። ከሥሯ ሦስት ወረቀቶች ተደራርበዋል። በአንዱ ላይ «ቱርክ»፣ በሁለተኛው «ዩጎዝላቪያ»፣ በሦስተኛው «መቄዶንያ» ተጽፏል። ወረቀት ያልተጻፈላቸውም መንግሥታት አሉ፤ ስፍራው ከ1912–13 የባልካን ጦርነቶች በኋላ በሰርቢያ፣ ከ1941 እስከ 1944 በቡልጋሪያ ይዞታ ሥር ነበር። በ2019 ደግሞ አገሪቱ ሰሜን መቄዶንያ ተብላለች።

«የቱ ነው ትክክለኛው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አሮጌ ወረቀት አንጥልም» አሉኝ። «አዲሱን ከላይ እንጨምራለን። አሮጌውን የጣልነው እንደሆነ ድንጋዩ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ሰው አይኖርም።»

እኔ በ1969 የተወለድኩት አስመራ ነው። አባቴ በመምህርነት ተመድበው እዚያ ይኖሩ ነበር። ወደ ቡዳፔስት ይዤው የሄድኩት ፓስፖርት «አስመራ፣ ኢትዮጵያ» ይላል። በትምህርት ላይ ሳለሁ ሃንጋሪ የሕዝብ ሪፐብሊክነቷን በ1989 ተወች፤ በ1991 የላከኝ መንግሥት ወደቀ፤ በ1993 ኤርትራ ነጻ አገር ሆነች። ዜግነት ስጠይቅ አንዲት ጸሐፊ በቅጹ ላይ የትውልድ አገሬን አይታ ሰረዘችና «ከሁለቱ አንዱን ይምረጡ» አለችኝ። አንዱን ስጽፍ አባቴን፣ ሌላውን ስጽፍ የተወለድኩባትን ከተማ የካድኩ መሰለኝ። የመጨረሻውን ቅጽ የሞላሁት እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው።

ከሙዚየሙ እንደተመለስኩ ሰነዶቼን ሁሉ ከየሥርቻው ሰበሰብኩ። ደርግ የሰጠኝን ፓስፖርት፣ የሃንጋሪን የተማሪነት መታወቂያ፣ የስደተኛ ወረቀቴን፣ የዜግነት ምስክር ወረቀቴን በአንድ ሳጥን ውስጥ፣ በየዘመናቸው ቅደም ተከተል፣ አሮጌውን ከታች አዲሱን ከላይ አድርጌ አስቀመጥኳቸው። ልጄ አይታ «አባባ፣ ጊዜው ያለፈበትን ለምን አትጥለውም?» አለችኝ። አጠገቤ አስቀምጬ የድንጋዩን ታሪክ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት።