ከባዜቃ ወደ ፕላቲነም፦ የሐዋሳን ሙቀት የሚለካው ማነው?

ሐዋሳ በተቆረቆረችበት በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ የአየር ሙቀት መለካት በየትኛውም አገር በዋናነት የሰው ዓይን ሥራ ነበር። ነጭ ቀለም በተቀባ፣ ነፋስ በሚያሳልፍ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ሁለት ቴርሞሜትሮች ይጋደማሉ። አንደኛው ባዜቃው ከወጣ በኋላ ተመልሶ እንዳይወርድ አንገቱ የጠበበ ስለሆነ የቀኑን ከፍተኛ ሙቀት ይይዛል፤ ሌላው አልኮል ውስጥ በምትንሸራተት ቀጭን ዘንግ የሌሊቱን ዝቅተኛ ያሳያል። የምልከታ ሠራተኛው በሰዓቱ ሳጥኑን ከፍቶ ያነብባል፤ መዝገቡ ላይ ይጽፋል።

በኢትዮጵያ ሥራው ለዓመታት በሲቪል አቪዬሽን ሥር ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አየሩ ሲሞቅ ይሳሳል፣ አውሮፕላንም ለመነሣት ረዘም ያለ ሜዳ ይፈልጋል። ራሱን የቻለ የሚቲዮሮሎጂ መሥሪያ ቤት የተቋቋመው በ1973 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ሐዋሳ ላይ የክልል ማዕከል አለው።

አውቶማቲክ ጣቢያዎች ሲመጡ የባዜቃውን ቦታ የያዘው ብዙውን ጊዜ ፕላቲነም ነው። ፕላቲነም ሲሞቅ ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅሙ ይቀንሳል፤ ዊልያም ሲመንስ በዚህ ጠባዩ ሙቀት ለመለካት የሞከረው እ.ኤ.አ. በ1871 ነበር። በብዛት የሚሠራበት ሴንሰር በ0 ዲግሪ 100 ኦም ነው፤ በ25 ዲግሪ የሐዋሳ ከሰዓት በኋላ 109.7 ኦም ገደማ ይደርሳል። 1 ሚሊአምፔር ሲላክበት 109.7 ሚሊቮልት ይገኛል፤ ሰርኪዩቱ ይህን ወደ አሃዝ ይለውጠዋል። ከዚያ በላይ ብዙ ከተላከ ሴንሰሩ ራሱን አሙቆ ይዋሻል። የማገናኛ ሽቦው ብቻ 1 ኦም ቢጨምር ንባቡ በ2.6 ዲግሪ ያህል ይዛባል። ስለዚህ ጥንቁቅ ጣቢያ አራት ሽቦ ይዘረጋል፤ ሁለቱ ኤሌክትሪኩን ሲያደርሱ ሁለቱ ቮልቱን ብቻ ያነብባሉ።

ሴንሰሩ ሌሊትም አይተኛም። ግን ከባዜቃ ስለሚፈጥን ለአፍታ ያለፈችን ሙቀት ሁሉ ይመዘግባል። ሁለቱ ጎን ለጎን ቢያንስ አንድ ዓመት ካልሠሩ፣ ከተማዋ መሞቋን ከመሣሪያው መለወጥ መለየት ያስቸግራል።

መዝገቡን የሚያዛባው የመሣሪያ መለወጥ ብቻ አይደለም፤ በደርግ መውደቂያ ዘመን ብዙ ጣቢያዎች ምልከታ አቋርጠዋል። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ዶክተር ቱፋ ዲንቁ ከመሥሪያ ቤቱ ጋር ሆነው ክፍተቱን በሳተላይት መረጃ ለመሙላት ደክመዋል። ሳተላይቱም ቢሆን የሚታረመው በምድር ንባብ ነው። የቆዩት የወረቀት መዛግብት ከመበላሸታቸው በፊት በምስል ተነሥተው ኮምፒዩተር ውስጥ መግባት አለባቸው፤ ከአሃዞቹ ባልተናነሰ፣ ቴርሞሜትር የተቀየረበትንና ሳጥኑ የተዛወረበትን ቀን የሚናገሩት የኅዳግ ማስታወሻዎችም ጭምር።