ዘንበልታ

ማለዳ ኮዬ ፈጬ ላይ ታክሲ ለመያዝ ከየብሎኩ የሚወርደውን ሰው ፊት ለፊት ቆማችሁ ተመልከቱት። ዳሌው ሰፋ ያለ ነው፤ ጉልበቶቹ ግን ሊነካኩ ምንም አይቀራቸውም። የጭን አጥንት ከዳሌ ወደ ጉልበት ቀጥ ብሎ ስለማይወርድ ነው፤ ወደ ውስጥ ያዘነብላል። የአጥንት አጥኚዎች ይህን ማዘንበል «ባይኮንዲላር አንግል» ይሉታል። ስሙን ያገኘው አጥንቱ ጉልበት ላይ ከሚያበቃባቸው ሁለት ጉብታዎች ነው።

በአማርኛ «የጭን ዘንበልታ» ብንለው እወዳለሁ። «ዝንባሌ» ለሥዕልና ለሙዚቃ ላለን ፍቅር ተይዟል። «ጥመት» ደግሞ እንከን ያስመስለዋል፤ እንከን ግን አይደለም፣ ሰውን ያቆመው እሱ ነው።

የጭን አጥንት በአካላችን ረጅሙ ነው። ኳስ የመሰለው ራሱ በዳሌ ጎድጓዳ ውስጥ ይዞራል፤ አንገቱ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ዘንጉ ወደ ውስጥ ተመልሶ ከቅልጥም ጋር ይገጥማል፤ መጋጠሚያውን ከፊት የጉልበት ሎሚ ይከልለዋል። ሊፍት በሌለው ሕንጻ ጀሪካን ይዛ ደረጃ የምትወጣ እናት አንድ እግሯን ባነሳች ቁጥር ክብደቷ ሁሉ በሌላው ላይ ያርፋል። ዘንበልታው የዚያን እግር ጉልበት ከክብደቷ ሥር ስላመጣው ወደ ጎን አትወድቅም። የቺምፓንዚ ጭን ዘንበልታ የለውም ማለት ይቻላል፤ በሁለት እግሩ ሲሄድ ግራና ቀኝ የሚወዛወዘው ለዚህ ነው።

የቅሪተ አካል ተመራማሪው ዶናልድ ጆሃንሰን በ1966 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ የጉልበት መጋጠሚያ አጥንቶች አገኘ። ሲያገጣጥማቸው ዘንበልታው ታየ፤ ከ3 ሚሊዮን ዓመት በፊት በሁለት እግሩ የሚሄድ ፍጡር እንደነበረ የመሰከረው ይህ ነው። ድንቅነሽ የተገኘችው ከዚያ በኋላ፣ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ሌላ ነው። ሕፃን ከነዘንበልታው አይወለድም። አጥንቱ የሚያዘነብለው ቆሞ መሄድ ሲጀምር፣ ክብደቱን ሲሸከም ነው፤ ፈጽሞ ያልሄደ ልጅ ላይ አይመጣም። በብሎኮቹ መሀል እግሩን አንፈራጦ ዳዴ የሚለው ሕፃን የገዛ ጭኑን በመቅረጽ ላይ ነው።

የሳይንስ መምህራን ሆይ፣ ቃሉን ለተማሪዎቻችሁ ንገሯቸው፤ ከዚያም አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ወስዳችሁ የድንቅነሽን የግራ ጭን አሳዩአቸው።