አራት ሰከንድ፦ ከ‹ስክሪን ጀምስ› እስከ ሶኒ

ድራማው አልቆ፣ የሠራተኞቹ ስም ወደ ላይ ተሯሩጦ ካለፈ በኋላ፣ መጨረሻ ላይ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ምልክት አለ። አብዛኞቻችን ሪሞቱን መፈለግ የምንጀምረው ያኔ ነው። ከሦስትና ከአራት ሰከንድ አይበልጥም። ዛሬ የማወራችሁ ስለነዚያ ሰከንዶች ነው። አትሳቁ… አንድ የአሜሪካ የቴሌቪዥን ስቱዲዮ ስንት ጊዜ እንደተሸጠ፣ ማን እንደገዛው፣ ገዢው ምን ያህል እንደኮራበትና ምን ያህል እንዳፈረበት ማወቅ የፈለገ ሰው መዝገብ ማገላበጥ አያስፈልገውም። እነዚያን ሰከንዶች በተርታ ደርድሮ ቢያያቸው ይበቃዋል። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በየመስመሩ እ.ኤ.አ. እያልኩ አላደክማችሁም።)

ስቱዲዮው ‹ስክሪን ጀምስ› ይባል ነበር። ስሙን ባታውቁት እንኳ እናቱን ታውቋታላችሁ፤ ኮሎምቢያ ፒክቸርስ ናት። ያቺ ነጠላ የመሰለ ጨርቅ አጣፍታ ችቦ ወደ ላይ ያነሳች ሴትዮ! በቪዲዮ ካሴት ዘመን ያደገ፣ ወይም እንደኔ ዲሽ ከመጣ በኋላ ኤም.ቢ.ሲ. 2 ላይ አፍጥጦ ያመሸ ሁሉ ያውቃታል።

ቴሌቪዥን ብቅ ሲል የሆሊውድ ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች እንደ ጠላት ነበር ያዩት። ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ በነፃ ካየ ማን ሲኒማ ይገባል? የኮሎምቢያው አለቃ የሃሪ ኮን ወንድም ልጅ፣ ራልፍ ኮን ግን ሌላ ነገር ታየው። በ1947 ‹ፓየኒር ቴሌፊልምስ› የሚባል ትንሽ ድርጅት ጀመረ፤ በ1948 ድርጅቱ በኮሎምቢያ ጉያ ውስጥ ሆኖ ስክሪን ጀምስ ተባለ። ስሙም አዲስ አልነበረም። ኮሎምቢያ በ1946 የዘጋው የካርቱን ክፍል ስም ነው፤ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ አገኙትና አነሱት። መጀመሪያ የሠሩት ማስታወቂያ ነበር። ከ1952 ጀምሮ ግን ‹ፎርድ ቲያትር›ን እየሠሩ ወደ ድራማ ገቡ፤ ከዚያ ‹ፋዘር ኖውስ ቤስት›፣ ‹ቢዊችድ›፣ ‹አይ ድሪም ኦፍ ጂኒ›፣ ‹ዘ መንኪስ› እያሉ የአሜሪካን ሳሎን ተቆጣጠሩት።

አንድ ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ፦ በ1957 ይኸው ድርጅት ‹ሾክ!› የሚል ስም የሰጠውን 52 የዩኒቨርሳል የድሮ ፊልሞች ጥቅል ለቴሌቪዥን ጣቢያዎች አከፋፍሏል። ድራኩላ፣ ፍራንከንስታይን፣ ሙሚው… አስፈሪ ፊልም ከሲኒማ ቤት ወጥቶ የሰው ሳሎን የገባው በአብዛኛው በዚህ በር ነው።

ከዚያ ‹ኤስ› መጣች።

በ1960ዎቹ አጋማሽ ስክሪን ጀምስ አዲስ ምልክት አሠራ። ንድፉ የኒውዮርኮቹ ቼርማየፍ እና ጋይስማር ነው፤ የቼዝ ባንክንና የሞቢልን ምልክቶች የሠሩት ሰዎች ናቸው። ቢጫ ስክሪን ላይ ሁለት ቀይ ቅርጾች ተንሸራተው ይገቡና በመሃላቸው ክፍተት ትተው ይቆማሉ፤ ክፍተቱ ላይ ቀይ ክብ ነጥብ ትመጣለች። ሲገጣጠም ‹ኤስ› የሚለው የላቲን ፊደል ይሆናል። በቃ። ሰው የለ፣ ችቦ የለ፣ ደመና የለ። እኔ እስከ ዛሬ ካየኋቸው የስቱዲዮ ምልክቶች በንድፍ ይሄን የሚያክል ጥቂት ነው ባይ ነኝ፤ ከስልሳ ዓመት በኋላም ዛሬ የተሠራ ይመስላል።

ችግሩ ድምፁ ነበር። ሙዚቃውን የሠራው ኤሪክ ሲዴይ ነው፤ እንግሊዝ አገር የተወለደ፣ በቫዮሊን የጀመረ፣ በኋላ አሜሪካ ገብቶ በኤሌክትሮኒክ ድምፅ ላይ የተጠመደ ሰው። ሮበርት ሙግ ሲንተሳይዘር መሥራት ሲጀምር ቀድመው ከገዙት ደንበኞች አንዱ ነበር። የማክስዌል ሃውስ ቡና ማስታወቂያ ላይ የጀበናው ሲንተከተክ የሚመስለው ዜማም የሱ ነው (የነሱ ጀበና በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው፤ የኛን እንዳታስቡ)። ለስክሪን ጀምስ የሠራት ስድስት ሰባት ኖታ የማትሞላ፣ በአፍንጫ የምታወራ የምትመስል ዜማ ናት። እስቲ አስቡት… ዘመኑ ሲንተሳይዘር የሚባል ነገር ጆሮ ያልገባበት ነው። ‹ቢዊችድ› በሳቅና በሞቅታ አለቀ፤ ልጆቹ ሶፋው ላይ ተጋድመዋል፤ በድንገት ቢጫ ስክሪን፣ ቀይ ነገር፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ድምፅ። ብዙ ልጆች ፈሩ። ተርታ ፍርሃት እንዳይመስላችሁ፤ ምልክቱ ከመምጣቱ በፊት ከክፍሉ ሮጠው የሚወጡ ነበሩ። እነዚያ ልጆች አድገው ኢንተርኔት ላይ ሲገናኙ ‹ለካ እኔ ብቻ አይደለሁም› ተባባሉና ስም አወጡላት፦ ‹የገሃነሟ ኤስ›። ሮድኒ አሸር የተባለ ፊልም ሠሪ በ2010 በዚሁ ስም አጭር ዘጋቢ ፊልም ሠርቶ ሰንዳንስ ፌስቲቫል ላይ አሳይቷል፤ የሚናገሩት እነዚያው የፈሩት ሰዎች ናቸው።

ለምን እንደዚያ እንዳስፈራቸው ብዙ ተብሏል። የኔ ግምት ቀላል ነው። ድራማው ውስጥ ያለ ጭራቅ የታሪኩ አካል ነው፤ ጀግናው ያሸንፈዋል። ምልክቱን ግን ማንም አያሸንፈውም። ታሪኩ ካለቀ በኋላ ነው የሚመጣው፤ ምን እንደሚፈልግም አይናገርም። ለአምስት ዓመት ልጅ ‹ይሄ የድርጅት ማኅተም ነው› ብሎ ማስረዳት ይቻላል?

ማኅተም ነው ያልኩት በከንቱ አይደለም። በ1970 የአሜሪካ ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ትልልቆቹ ኔትወርኮች የሚያሳዩትን ድራማ የድጋሚ ሽያጭ መብት እንዳይዙ የሚከለክል ሕግ አወጣ። ሲ.ቢ.ኤስ. የማከፋፈያ ክፍሉን ነጥሎ ማውጣት ነበረበት፤ በ1971 ቫያኮም የተወለደው በዚህ ነው። (የቫያኮምም ምልክት ከ1976 ጀምሮ ከሩቅ እየተወረወረ ስክሪኑን የሚሞላ ግዙፍ ‹ቪ› ነበር፤ እሱንም ልጆቹ ‹የጥፋት ቪ› ብለውታል። ምስኪኖች!) ዋናው ገንዘብ ያለው ደግሞ በድጋሚው ሽያጭ ነው። አንድ ድራማ ለሃያና ለሠላሳ ዓመት በየከተማው ጣቢያ ይሸጣል። እና ያቺ የመጨረሻዋ ምልክት ‹ይሄ ንብረት የኔ ነው› የምትል ታፔላ ናት።

ታፔላ ደግሞ ባለቤት ሲቀየር ይነሳል። ኮሎምቢያ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለኪሳራ ጫፍ ደርሶ አዲስ አመራር ገባ፤ በ1974 ስክሪን ጀምስ የሚለው ስም ቀርቶ ‹ኮሎምቢያ ፒክቸርስ ቴሌቪዥን› ተባለ። ኤስም አብራ ሄደች። በ1976 ሴትዮዋም ገለል ተደርጋ ከችቦዋ ጨረሩ ብቻ ቀረ፤ ዘመናዊ ለመምሰል ይመስለኛል። የሚገርመው በዚያው ሰሞን ነው የስቱዲዮው ፕሬዚዳንት ዴቪድ ቤግልማን በሌላ ሰው ስም ቼክ ሲፈርም የተያዘው። ተዋናዩ ክሊፍ ሮበርትሰን በ1977 ያልተቀበለው 10,000 ዶላር ተከፍሎሃል የሚል የግብር ወረቀት ደረሰው፤ ጠየቀ፤ ጉዱ ወጣ። ያጋለጠው ሮበርትሰን ለዓመታት ሥራ እንደተነፈገ ተናግሯል። አጭበርባሪው ግን ብዙም ሳይቆይ የሌላ ስቱዲዮ አለቃ ሆነ። ይሄንን ምልክቱ አይነግራችሁም።

በ1982 ኮካ ኮላ መጣ። አዎ፣ ለስላሳው። ኮሎምቢያን 700 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አውጥቶ ገዛው። ሴትዮዋ ወደ ቴሌቪዥኑ ምልክት ተመለሰች፤ ከሥሯ ግን ‹የኮካ ኮላ ኩባንያ ክፍል› የሚል መስመር ተጻፈ። በኔ እይታ በታሪኩ ሁሉ በጣም ሐቀኛው መስመር ይሄ ነው። የምታዩትን ድራማ የሚሸጥላችሁ ማን እንደሆነ በግልጽ ይነግራችኋል።

ኮካ ኮላ በዚያ አላበቃም። በ1985 ‹ኤምባሲ›ን በ485 ሚሊዮን ዶላር ጠቀለለ። ኤምባሲ ማለት የኖርማን ሊር ቤት ነው፤ ‹ኦል ኢን ዘ ፋሚሊ›ን፣ ‹ዘ ጄፈርሰንስ›ን ለአሜሪካ ያቀረበ፣ ስለ ዘርና ስለ ጦርነት በኮሜዲ ያስወራ ሰው። የሊር የቀድሞ ድርጅት ‹ቲ.ኤ.ቲ.› ይባል ነበር፤ ምህጻረ ቃሉ በይዲሽ ቋንቋ ‹መቀመጫህን ጠረጴዛው ላይ አውጣው› ማለት ነው፤ ወሬውን ተወውና ያለህን አሳየኝ እንደማለት። በየሳምንቱ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ፊት ይቺን ቀልድ ሲያሳልፋት ኖሯል!

ከዚያ እነ ‹ኢሽታር› (1987) ከሠሩ፣ ለስላሳ ሻጩ ፊልም እንደ ስኳር ውሃ እንደማይሸጥ ገባው። በዚያው ዓመት ማብቂያ ኮሎምቢያን ከትራይስታር ጋር አጣምሮ ራሱን የቻለ ድርጅት አደረገው፤ በ1989 ሶኒ በ3.4 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። የዚያን ጊዜው የአሜሪካ ድንጋጤ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ኒውስዊክ መጽሔት የጥቅምት ሽፋኑ ላይ የኮሎምቢያዋን ሴትዮ ኪሞኖ አልብሶ ‹ጃፓን ሆሊውድን ወረረች› ብሎ አወጣት። ለካ ሰዉ ሳያውቀው ሴትዮዋን እንደ ሰንደቅ ዓላማ ነበር የሚያያት። ኮካ ኮላ ስሙን እግሯ ሥር ሲጽፍ ግን እንደዚያ የጮኸ አልነበረም፤ ለምን እንደሆነ ለናንተው ልተው።

ሶኒ ሴትዮዋን እንደገና አሳላት። ሰዓሊው ማይክል ዲስ ነው፤ 1992። ሞዴሏ የታወቀች ተዋናይት እንዳትመስላችሁ። ጄኒ ጆሴፍ ትባላለች፤ ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ታይምስ ፒካዩን ጋዜጣ ላይ በግራፊክስ ሠራተኝነት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። ፎቶዋን ያነሳቻት የዚያው ጋዜጣ ፎቶግራፈር ካቲ አንደርሰን ናት፤ በምሳ ሰዓት፣ በካቲ አፓርታማ ውስጥ፣ አንሶላ ተጠቅልላ፣ ችቦ የሆነላት ተራ የጠረጴዛ መብራት! የጋዜጣ ቤት ልጆች ስለሆኑ ነው መሰለኝ ይቺን ክፍል ስወዳት አልጠግብም።

ቀሪው ቶሎ ያልፋል። በ1994 የኮሎምቢያና የትራይስታር የቴሌቪዥን ክፍሎች ተዋሃዱ፤ ሴትዮዋና ክንፍ ያለው ነጭ ፈረስ ጎን ለጎን ቆሙ። በዚያው ዓመት ሶኒ ከስቱዲዮው ሂሳብ 2.7 ቢሊዮን ዶላር ሰረዘ። በመስከረም 2002 ሁለቱም ከቴሌቪዥን ወረዱና ‹ሶኒ ፒክቸርስ ቴሌቪዥን› የሚል ስም መጣ፤ ቀጥ ያሉ ዘንጎች ተሰባስበው አርማ ይሆናሉ። ‹ብሬኪንግ ባድ›ን ያያችሁ ሁሉ አይታችሁታል፤ አስታውሱት ብላችሁ ግን የሚያስታውሰው የለም። ያስፈራው ልጅ ያለ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ከነከነኝ ነገር ልምጣ። የድሮዎቹ ድራማዎች በድጋሚ ሲታዩ መጨረሻቸው ላይ የትኛው ምልክት ነው የሚወጣው? አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻው ገዢ። የ1966ቱ ‹ቢዊችድ› ያልቅና የ2002ቱ የሶኒ ዘንግ ይከተላል። የዚህ ነገር ወዳጆች ይሄን ‹ልስን› ይሉታል፤ የቤት ግድግዳ እንደሚለሰነው። አንዳንዴ ልስኑ ስለሚቸኩል የአዲሱ ሙዚቃ ሥር የድሮው ጭራ ይሰማል፤ ምስሉ ጠፍቶ ድምፁ የቀረ።

የድርጅቱ ምክንያት ይገባኛል። ኮካ ኮላ በ1989 ሸጦ ወጥቷል፤ ዛሬም ‹የኮካ ኮላ ክፍል› የሚል ካለ ውሸት ነው። ግን ገዢው የገዛው መብቱን ነው እንጂ 1966ን አይደለም። ጋዜጠኝነት ስንማር አንድ ጽሑፍ በድጋሚ ሲታተም የመጀመሪያው ቀንና የጸሐፊው ስም እንደማይነካ ተነግሮናል። የድሮውን ምልክት እንዳለ ትቶ አዲሱን ከኋላው መቀጠል ምን ይጎዳል? አራት ሰከንድ ይጨምራል፤ በቃ።

የሩቅ አገር ጉዳይ ነው የሚል ካለ፣ ዩቲዩብ ላይ አንድ የድሮ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ድራማ ይክፈትና ጥጉን ይመልከት። የማን አርማ ነው የተለጠፈው? የጣቢያው ወይስ የጫነው ሰው? መጨረሻው ላይ የካሜራ ባለሙያው፣ የመብራት ሠራተኛው ስም አለ ወይስ ተቆርጦ ‹ሰብስክራይብ አድርጉ› ገብቶበታል? የኛው ልስን ከነሱ ይብሳል፤ እነሱ ቢያንስ ገዝተው ነው።

የመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ራሳቸው እየጠበቡ ነው። ኤን.ቢ.ሲ. በ1994 የስም ዝርዝሩን ወደ ስክሪኑ ጎን አጣብቆ ቀሪውን ለማስታወቂያ አዋለው፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ዛሬ ኔትፍሊክስ ላይ ስሙ መውጣት ሲጀምር ምስሉ አንሶ ቀጣዩ ክፍል ይቆጥራል። ሶኒ በአሜሪካ የራሱ ትልቅ ኔትወርክ ስለሌለው ሥራውን ለሌሎች ነው የሚሸጠው፤ ‹ዘ ክራውን›ን ለኔትፍሊክስ ሲያቀርብ አርማው መጨረሻ ላይ አለ፤ እስከዚያ የሚቆይ ተመልካች ካለ።

‹ዴይስ ኦፍ አወር ላይቭስ› የሚባለው የቀን ድራማ በኅዳር 1965 ኤን.ቢ.ሲ. ላይ ሲጀምር ከስክሪን ጀምስ ጋር ነበር። በ2022 ወደ ፒኮክ ስትሪሚንግ ተዛውሮ እስካሁን ይሠራል፤ ኤስን፣ ጨረሩን፣ ኮካ ኮላን፣ ፈረሱን፣ ዘንጎቹን ሁሉ በተራ ከኋላው አሳልፏል። ስክሪን ጀምስ የሚለው ስምስ? ያዙልኝ ያልኳችሁ ይሄን ነበር። ሶኒ በ1990ዎቹ ማብቂያ ከመሳቢያው አውጥቶ ለፊልም ክፍል ሰጠው፤ ‹ሬዚደንት ኢቭል› (2002)፣ ‹አንደርወርልድ› (2003)… በአብዛኛው አስፈሪ ፊልም የሚያወጣ ክፍል ነው።