ታፔላ ያልነበራቸው ሱቆች

በ1934 ዓ.ም. ገደማ፣ ድሬዳዋ ላይ ጣሊያኖች በታጎሩበት ካምፕ ውስጥ ከእናቱ ጋር የታሰረ አንድ ልጅ ነበር። ዕድሜው አሥራ አምስት አካባቢ ነው። አባቱ የሙሶሊኒ ወታደር ሆኖ ኢትዮጵያ ገብቶ ነበርና ልጁና እናቱ በ1937 እ.ኤ.አ. ተከትለውት መጡ። ጦርነቱ ሲገለበጥ አባትየው ተማረከ፤ ምርኮኛ ሳለም በበሽታ ሞተ። ለልጁ እናቱ፣ የድሬዳዋ ሙቀትና የካምፑ አጥር ብቻ ቀሩት። አንድ ነገር ግን አጥሩን አልፎ ይደርሰው ነበር፦ በሥዕል የተተረከ ታሪክ፣ ኮሚክ። የሚገዛውም ከጠባቂዎቹ እጅ ነበር።

ስሙ ሁጎ ፕራት ይባላል። ኮርቶ ማልቴዜ የተባለውን ተቅበዝባዥ ባሕረኛ የፈጠረና የኮሚክ ዓለም ከታላላቆቹ ተርታ ያሰለፈው ሰው ነው።

ስለ ኮሚክ ሱቆች ታሪክ ሲወራ፣ ጋሪ አርሊንግተን በ1968 እ.ኤ.አ. ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የከፈታት ጠባብ ሱቅ ስሟ ቀድሞ ይነሣል። በአሜሪካ ኮሚክ ለመሸጥ ብቻ ከተከፈቱት ሱቆች ከመጀመሪያዎቹ አንዷ ናት። የድሬዳዋዋ «ሱቅ» ግን በሃያ ስድስት ዓመት ገደማ ትቀድማታለች። መደርደሪያ የላትም፣ ታፔላ የላትም፣ የመክፈቻና የመዝጊያ ሰዓትም የላትም። የጠባቂ ኪስ ናት።

የኪሷን ዋጋ ለመረዳት ያኔ በልጁ አገር የነበረውን ማስታወስ ይበቃል። የፋሺስቱ መንግሥት በ1938 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ኮሚኮች በጣሊያን እንዳይታተሙ ከልክሎ ነበር። ለጊዜው ከእገዳው የተረፈው ሚኪ ማውስ ብቻ ነበር፤ የእሱም ተራ በ1942 ደረሰ። ሮምና ሚላን ያሉ ልጆች የተነፈጉትን ንባብ፣ የተማረከ ወታደር ልጅ ድሬዳዋ ላይ ከአሳሪዎቹ እጅ እየገዛ ሳያነብ አልቀረም።

ፕራት በቀይ መስቀል በኩል ወደ ጣሊያን ከተመለሰ በኋላ እነዚያን ዓመታት አልረሳቸውም። ኮርቶ ማልቴዜ በ1967 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። በ1972 እና በ1973 ደግሞ «ፒፍ ጋጄ» በተባለው የፈረንሳይ የልጆች መጽሔት ላይ ባሕረኛው ወደ አፍሪካ ቀንድ መጣ። ታሪኮቹ በኋላ ተጠርዘው ሲታተሙ የተሰጣቸው ርእስ የኢትዮጵያን ስም የያዘ ነው። በውስጣቸው ኩሽ የሚባል የአካባቢው ተዋጊ አለ፤ ኩሩ፣ ነገር የሚገባውና ለማንም የማይንበረከክ። የወራሪ ወታደር ልጅ ሆኖ የመጣ ሰው በጎልማሳነቱ እንዲህ ያለ ተዋጊ መሣሉ ቀላል ነገር አይደለም።

ልጁን ለእስር የዳረገው ጦርነት ወደ ኢትዮጵያ ምዕራብ ጠረፍም ሌላ ታሪክ ይዞ መጥቶ ነበር። መጋቢት 2 ቀን 1933 ዓ.ም. አሶሳን ከጣሊያን እጅ ያወጣት ከቤልጅግ ኮንጎ በሱዳን በኩል የመጣው «ፎርስ ፑብሊክ» የተባለው ጦር ነው። መኮንኖቹ ቤልጅጋውያን፣ ወታደሮቹ ኮንጎአውያን ነበሩ። ቀጥለው ጋምቤላን ያዙ፤ በሰኔ መጨረሻም ሰዮ፣ የዛሬዋ ደምቢ ዶሎ፣ እጇን ሰጠች። በኮንጎ የዘመቻው መታሰቢያ ሲነሣ የአሶሳ ስም እስከ ዛሬ አብሮ ይነሣል።

በዚያው ሰሞን ብራስልስ በጀርመኖች ተይዛ ነበር። የከተማዋ ልጆች «ለ ሷር» በተባለው ጋዜጣ ላይ የኮሚክ ጀግናውን የቲንቲንን አዲስ ጀብዱ ይከታተሉ ነበር፤ ካፒቴን ሃዶክ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቅ ያለው በዚያ ታሪክ፣ በጥር 1941 እ.ኤ.አ. ነው። የቲንቲን ደራሲ ኤርዤ ከዚያ አሥር ዓመት ቀድሞ ቲንቲንን ኮንጎ አዝምቶት ነበር። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ኮንጎአውያን እንደ ሞኝ ልጆች፣ ነጭ ካልመራቸው የማይሆንላቸው ሰዎች ሆነው ተሥለዋል። እነዚያው «ሞኞች» ናቸው እንግዲህ በረሃ አቋርጠው መጥተው አሶሳን ነጻ ያወጡት። በሥዕልና በእውነት መካከል ያለው ርቀት እንዲህ ጎልቶ የሚታይበት ከተማ ብዙ አይገኝም፤ የአሶሳ ልጅ ቲንቲንን ቢያነብ ይህን አውቆ ቢያነበው ይገባዋል።

በሥዕል የተተረከ ታሪክ ለኢትዮጵያ ግን ከውጭ የመጣ አዲስ ነገር አልነበረም። ሱፐርማን በ1938 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሲወለድ፣ የአዲስ አበባ ሠዓሊዎች የንግሥተ ሳባን ታሪክ በሣጥን በሣጥን ከፍለው መሸጥ ከጀመሩ ዓመታት አልፈው ነበር። በላቸው ይመርን የመሰሉ ሠዓሊዎች ስማቸው የሚነሣው በዚህ ሥራ ጭምር ነው። በአቡጀዲ ወይም በብራና ላይ፣ ብዙ ጊዜ አሥራ አንድ አሥራ አንድ ሣጥን በአራት ረድፍ፣ በድምሩ 44 ሥዕል ይደረደራል። አርባ አራት ቁጥሩን የሰማ አማርኛ ተናጋሪ የጎንደርን አርባ አራት ታቦት ሳያስብ አያልፍም።

ሥዕሉን በጣት እየተከተሉ ማንበብ ይቻላል። መጀመሪያ ሕዝቡ የሚገብርለት ዘንዶ ይታያል፤ ከዚያ ዘንዶውን የሚገድለው ጀግና፤ ከዚያ ንግሥቲቱ። ነጋዴው ታምሪን ከኢየሩሳሌም ተመልሶ የሰሎሞንን ጥበብ ያወራላታል፤ ግመሎች ይጫናሉ፤ ባሕር ይሻገራሉ። ሰሎሞን ቅመም የበዛበት ግብር ያበላታል። ሌሊት ውኃ ይጠማታል። ከዚያ ምኒልክ ይወለዳል፤ አድጎ አባቱን ፍለጋ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ታቦተ ጽዮን ወደ ኢትዮጵያ ትመጣለች። በብዙዎቹ ላይ ከየሣጥኑ ሥር ወይም ጎን በአማርኛ አጭር ጽሑፍ አለ። ደግ ሰው ሁለት ዓይኑ እየታየ ፊት ለፊት፣ ክፉ ሰው ደግሞ በአንድ ዓይን በጎን ይሣላል። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ የቱ ወዳጅ የቱ ጠላት እንደሆነ ሳይጠይቅ ያውቃል። የዘመናችን ኮሚክ ሠዓሊዎች የሚደክሙለት ነገር ሁሉ እዚያ አለ፦ የሣጥኑ ቅደም ተከተል፣ አጭሩ ጽሑፍ፣ ገጸ ባሕርይን በአንድ እይታ ማሳወቅ።

የእነዚህ ሥዕሎች ገዢ በአብዛኛው የውጭ አገር ሰው፣ ዲፕሎማት ወይም መንገደኛ ነበር፤ እስከ ቅርብ ጊዜም የቸርችል ጎዳና የስጦታ ዕቃ ሱቆች ሲሸጧቸው ኖረዋል። የሚያሳዝነውም ይኸው ነው። አገሩ የራሱን ኮሚክ ፈጠረ፤ ሥዕሉ ግን አውሮፓና አሜሪካ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። የአዲስ አበባ ልጅ በሱቁ መስታወት በኩል አይቶ ያልፍ ነበር። ያም ቢሆን ማየቱ አልቀረም፤ ከአርባ አራቱ ሣጥን አምስቱን ስድስቱን በእይታ ጨርሶ ነው የሚሄደው።

ከአሶሳ አንጻር ደግሞ ሌላ ቅርብ ጎረቤት አለ። ከኩርሙክ ማዶ ሱዳን ናት፤ ካርቱም ላይ በ1946 እ.ኤ.አ. «ሲብያን» የተባለ የልጆች መጽሔት ተጀመረ፤ በዐረቡ ዓለም ከቀደሙት አንዱ ነው። ከሠዓሊዎቹ አንዱ ሻርሐቢል አሕመድ ነበር። ሰውየው በጊታሩ «የሱዳን ጃዝ ንጉሥ» የተባለ ዘፋኝ ነው፤ ቀን ቀን ግን ለሕፃናት የሚያስቅ ገጸ ባሕርይ ይሥል ነበር። የቤርታ ሕዝብ በድንበሩ ግራና ቀኝ የሚኖር፣ ዐረብኛም የሚሰማ ሕዝብ ነው። ለጠረፉ ሰው ካርቱም ባዕድ ከተማ አልነበረችም።

ከሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. በኋላ አንባቢው ራሱ ተለወጠ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሚሊዮኖችን ፊደል አስቆጠረ፤ በ1980 እ.ኤ.አ. የዩኔስኮ ሽልማት አስገኘ። ለነዚህ አዲስ አንባቢዎች ደግሞ ርካሽ መጽሐፍ ያስፈልግ ነበር። ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት የሥርጭቱን ሥራ ይዞ ነበር። ከሞስኮ ደግሞ ፕሮግረስ የተባለው አሳታሚ በአማርኛ ጭምር ያሳተማቸው መጻሕፍት ይመጡ ጀመር። የዚያ ዘመን ልጆች ዛሬ ጎልማሶች ሆነው ስለ መጽሐፍ ሲያወሩ የሶቪየቶቹ መጽሐፎች ይነሣሉ፦ ወፍራሙ ወረቀት፣ የቀለሙ ሽታ፣ በረዶ የለበሰው ጫካ፣ ኮፍያ የደፋው ድብ። በረዶ አይቶ የማያውቅ ልጅ በረዶን ያወቀው ከዚያ ነው።

መግዛት ያልቻለ ይከራይ ነበር። መጽሐፍ አከራይ ማለት አንዲት የቆርቆሮ ኪዮስክ ወይም የቤት ደጃፍ፣ ጥቂት ሣንቃ፣ ጠርዛቸው በካርቶን የተደገፈ መጻሕፍትና የተከራይ ስም የሚመዘገብበት ደብተር ነው። ደንበኛው መያዣ ያስቀምጣል፤ በቀን በሳንቲም ይከፍላል፤ ያሳደረ ይጨምራል። መጽሐፉ ከእጅ ወደ እጅ ስለሚዞር መጨረሻው ላይ ያሉ ገጾች ይጎድላሉ፤ የጎደለውን አከራዩ በቃል ይተርከዋል። ይህ ነገር የሚገርመውን አንባቢ ጃፓን ብትወስደው ይረጋጋል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጃፓን ኮሚክ ያደገው በኪራይ መጽሐፍ ቤቶችም ጭምር ነው። በጦርነቱ ግራ እጁን ያጣው ሚዙኪ ሺጌሩ ኪታሮ የተባለውን ዝነኛ ገጸ ባሕርይ በ1960 እ.ኤ.አ. የሣለው ለእነዚያ ኪራይ ቤቶች ነበር። ድኻ አንባቢና ድኻ ሠዓሊ በሳንቲም ኪራይ ተገናኝተው አንድ ታላቅ ጥበብ አሳደጉ። የኢትዮጵያ ኪዮስኮች ልብ ወለድ እንጂ ኮሚክ አላሳደጉም፤ ልብ ወለዱን ግን በደንብ አሳድገዋል። ማሞ ውድነህ የተረጎሟቸው የስለላ ታሪኮች በስንት አልጋ ሥር ባትሪ እየበራ ተነብበዋል!

ከዚያ የአዟሪው ዘመን ነው። መጽሐፍ አዟሪ እስከ አገጩ የተከመረ መጽሐፍ ታቅፎ ካፌ ለካፌ ይዞራል፤ የየደንበኛውን አመል ያውቃል። በብሔራዊ ቲያትር አካባቢ፣ በለገሃርና በአራት ኪሎ ያገለገሉ መጻሕፍት መሬት ላይ ይዘረጉ ነበር። ከነዚያ ክምሮች ሥር ሽፋኑ የተቀደደ የባዕድ አገር ኮሚክ ሲገኝ ልጆች ያለ ቋንቋው ያነቡት ነበር። ሥዕሉ ይበቃቸዋል።

በ2018 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያዊ ልዕለ ጀግና መጣ። ብሥራት ደበበ የመሠረተው ኤታን ኮሚክስ «ጀምበር»ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አወጣ። ጀግናው አማኑኤል ጥላሁን ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ የአዲስ አበባ ወጣት ነው። ልዕለ ጀግና ከመሆኑ በፊት ሥራ ፈላጊ የሆነ ሰው መምረጣቸው ትክክለኛ ምርጫ ነው፤ የአገሩ አንባቢ ወዲያው የሚያውቀው ሰው ነውና። ቀጥሎ «ሐዊ» መጣች፤ ውጭ አድጋ ከእናቷ ጋር ወደ ኢትዮጵያ የምትመጣ ወጣት ሴት ናት። ለእሷ ኅትመት ገንዘብ የተዋጣው በኢንተርኔት ከአንባቢዎች ነው። አንባቢው መጽሐፉ ከመታተሙ በፊት ከፈለ፤ ሱቁም ስልኩ ላይ ሆነ።

አሶሳም የራሷን ታሪኮች ለመጽሐፍ ሰጥታለች። ብሪታንያዊቷ የልጆች ደራሲ ኤልዛቤት ሌርድ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከብሪቲሽ ካውንስል ጋር በየክልሉ እየዞረች ተረት ስትሰበስብ ቤኒሻንጉል ጉሙዝም ከክልሎቹ አንዱ ነበር። ተረት ነጋሪዎቹ በየቋንቋቸው ተናገሩ፤ ቃላቸው ተተርጉሞ ተጻፈ፤ ለትምህርት ቤት ንባብ የሚሆኑ ትንንሽ መጻሕፍትም ወጡበት። ማታ በእሳት ዙሪያ በነጻ የሚነገረው ነገር ሽፋንና ገጽ አገኘ። ቤርታው፣ ጉሙዙ፣ ሺናሻው፣ ማኦውና ኮሞው በየራሳቸው የሚያወሯቸው እንስሳት፣ ተንኮለኛና ሞኝ ሰዎች በሣጥን በሣጥን ለመሣል የተሠሩ ይመስላሉ፤ አርባ አራት ሣጥንም አይበቃቸው።

ከአዲስ አበባ አሶሳ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ አምቦ፣ ነቀምት፣ ጊምቢ፣ መንዲ፣ ባምባሲ። መጽሐፍ በዚህ መንገድ ሲመጣ በካርቶን ታስሮ አውቶቡስ ጣራ ላይ ነው። ካርቶኑ ተፈትቶ መጻሕፍቱ ሲዘረጉ መጀመሪያ የሚሰበሰቡት ገንዘብ የሌላቸው ልጆች ናቸው። አንዱ ሥዕል ያለበትን ይመርጥና ቆሞ ይገልጣል። ሻጩ ያየዋል፤ ግን ዕቃውን እያስተካከለ ያላየ ይመስላል። ልጁ ሦስተኛው ገጽ ላይ ደርሷል።