ክሎሪን ብሮማይድን ሲተካ፦ ከአሽቀሎን የባሕር ውሃ የሚገኝ ትምህርት

ኢ-ብረት አስተኔዎች የሚሳተፉበት ነጠላ የመተካት አጸግብሮት በክፍል ውስጥ ብዙውን ጊዜ በአንድ ቀመር ይቋጫል፦ ክሎሪን + 2 ብሮማይድ → ብሮሚን + 2 ክሎራይድ። ይህ መጣጥፍ ቀመሩ በእስራኤሏ የሜዲትራኒያን ዳርቻ ከተማ በአሽቀሎን የባሕር ውሃ ውስጥ ምን መልክ እንደሚይዝ ይመረምራል። ማን ማንን እንደሚተካ የሚወስነው የንጥረ ነገሮቹ ጠባይ ነው፤ መጨረሻ ላይ የሚገኘውን ውህድ ግን የውሃው አሲዳማነት ይወስነዋል።

ቅደም ተከተሉ የሚታወቀው ኤሌክትሮን የመሳብ አቅምን በማነጻጸር ነው። መደበኛው የሪዳክሽን ፖቴንሺያል ለክሎሪን 1.36፣ ለብሮሚን 1.07፣ ለአዮዲን 0.54 ቮልት ነው። ስለዚህ ክሎሪን የብሮማይድን ኤሌክትሮን ይነጥቃል፤ አዮዲን ግን ይህን ማድረግ አይችልም። ቀለም የለሽ የፖታሲየም ብሮማይድ ሙሙት ላይ ክሎሪን የሟሟበት ውሃ ጠብ ሲደረግ ሙሙቱ ወዲያው ብርቱካናማ ቢጫ ይሆናል። ሄክሴን ተጨምሮ ሲናጥ ቀለሙ ወደ ላይኛው ንብር ይወጣል። አንቷን ዠሮም ባላር እ.ኤ.አ. በ1826 ብሮሚን ማግኘቱን ይፋ ያደረገው በዚሁ አጸግብሮት ነበር፤ ክሎሪኑን ያሳለፈውም ሞንፔሊዬ አጠገብ ካለው የሜዲትራኒያን ጨዋማ ረግረግ በተወሰደ ውሃ ውስጥ ነው።

በሙት ባሕር ዳርቻ፣ ሰዶም ላይ፣ ይኸው ዘዴ ኢንዱስትሪ ሆኗል። ከፖታሽ ምርት በተረፈው፣ ብሮማይድ በበዛበት ውሃ ላይ ክሎሪን ይለቀቃል፤ የተለየው ብሮሚን በእንፋሎት ተገፍቶ ይወጣል።

አሽቀሎን ላይ ሁኔታው ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2005 ሥራ የጀመረው፣ ጨውን ከባሕር ውሃ የሚለየው የሪቨርስ ኦስሞሲስ ፋብሪካ ያኔ በዓይነቱ ከዓለም ትልቁ ነበር። የባሕር ውሃ በአንድ ሊትር 65 ሚሊ ግራም ገደማ ብሮማይድ ይይዛል፤ ፒኤቹም 8 አካባቢ ነው። በመሳቢያ ቧንቧ ውስጥ ባሕራዊ ሕይወት እንዳይበቅል ክሎሪን መጨመር በዘርፉ የተለመደ ነው። በዚህ ፒኤች የተጨመረው ክሎሪን መጀመሪያ ከውሃው ጋር ተዋህዶ ሃይፖክሎረስ አሲድና ሃይፖክሎራይት ይሆናል። ከዚያም ሃይፖክሎረስ አሲዱ ብሮማይዱን በሰከንዶች ውስጥ ወደ ሃይፖብሮመስ አሲድ ይለውጠዋል፤ ክሎሪኑ ራሱ ክሎራይድ ሆኖ ይቀራል። የዚህን አጸግብሮት ፍጥነት ፋርካስ፣ ሌዊንና ብሎክ እ.ኤ.አ. በ1949 በአሜሪካ ኬሚካል ሶሳይቲ መጽሔት ላይ አሳትመዋል። ነጻ ብሮሚን እምብዛም ስለማይኖር ብርቱካናማው ቀለም አይታይም።

ልዩነቱ ተግባራዊ ፋይዳ አለው። ከፖሊአማይድ የተሠሩት ስስ የማጣሪያ ገጾች ኦክሲዳይዝ በሚያደርጉ ውህዶች ይጎዳሉ፤ ስለዚህ ውሃው ወደ ገጾቹ ከመድረሱ በፊት ሶዲየም ባይሰልፋይት ይጨመርበታል፤ ይህም ሃይፖብሮመስ አሲዱን ወደ ብሮማይድ ይመልሰዋል። በተጨማሪም የተለመደው የዲፒዲ መለኪያ የክሎሪንና የብሮሚን ውህዶችን ሳይለይ በአንድነት እንደ ክሎሪን ያነባል፤ በባሕር ውሃ ላይ የሚሠራ ባለሙያ «ክሎሪን» ብሎ የሚመዘግበው በአብዛኛው የብሮሚን ውህድ ነው።

ስለዚህ መምህራን ቀመሩን ሲያስተምሩ የሙሙቱን ፒኤች አብረው ሊጽፉ ይገባል።