የዳልቻ አንገት እና የፓስተር ጥንቸሎች

ወዳጆቼ፣ በተለይ ደግሞ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ የጻፍኩት ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ስለ ጥንቸል ነው። አትሳቁ፣ መጨረሻ ላይ ለእናንተ የምለው ነገር አለኝ።

የልጅ ልጄ አንዲት ጥንቸል አለቻት። ግራጫ ስለሆነች በአገር ቤት ከብቶች ደንብ "ዳልቻ" ብዬ ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ባለፈው የካቲት አንድ ቀን ጠዋት ልጄ ሥራ፣ ልጅቷ ትምህርት ቤት ሄደው ብቻዬን ቤት ነበርኩ። ድርቆሽ ልሰጣት ጎንበስ ስል ዳልቻን ጭንቅላቷ ወደ ግራ ተጠምዞ፣ አንዱ ዓይኗ ጣሪያውን፣ ሌላው ወለሉን እያየ አገኘኋት። ልትነሳ ስትሞክር ተንከባለለች። እንደገና ሞከረች፣ እንደገና ተንከባለለች። ዓይኖቿ ወዲያና ወዲህ ይርገበገባሉ። ምች መታት አልኩ በልቤ።

መጀመሪያ ያየን ሐኪም "ስለ ጥንቸል ብዙም አላውቅም፤ ስቃይዋን ብናሳጥርላት ይሻላል" አለን። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ ተስማምቼ ነበር። ጥንቸል ናት እኮ! እኔ ባደግኩበት ቤት ጥንቸል በተረት ብልጥ፣ በኦሪት ዘሌዋውያን የማትበላ እንስሳ ናት እንጂ ታማ ሐኪም ቤት የምትሄድ አይደለችም። የአሥራ አንድ ዓመቷ ልጅ ግን "አባባ፣ ሐኪሙ አላውቅም ነው ያለው። አትድንም መቼ አለ?" አለችኝ። ሠላሳ ዓመት ታሪክ ያስተማርኩ ሰው መልስ አጣሁ።

ጥንቸል የሚያውቅ ሌላ ሐኪም ፈልገን አገኘን። ይኼኛው ጆሮዋን መረመረ፣ ደም ወሰደ፣ ከዚያም አስረዳን። የጥንቸል አንገት እንዲህ ሲጣመም ብዙ ጊዜ ሰበቡ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ውስጠኛው ጆሮ በባክቴሪያ ተመርዟል፣ ወይ ደግሞ ኢንሴፋሊቶዞን ኩኒኩሊ የሚባል በዓይን የማይታይ ጥገኛ አንጎል ውስጥ ገብቷል። ከቁመት መውደቅና ሌሎች ምክንያቶችም አሉ። መድኃኒት ሰጠን፣ የቤቱን ሥራ ለእኛ ተወልን።

መኪና ውስጥ ልጅቷ "ይህን በሽታ ማን ነው ያገኘው? መቼ?" አለች። የታሪክ መምህር ይህ ጥያቄ ቀርቦለት ዝም ይላል? እነሆ ከዚያን ቀን ወዲህ ሳነብ የከረምኩትን ላካፍላችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ የጆሮውን ነገር እንይ። ጆሮ የመስሚያ ብቻ ሳይሆን የሚዛንም አካል መሆኑ የታወቀው በጣም ዘግይቶ ነው። በ1820ዎቹ ፒየር ፍሉራንስ የሚባል ፈረንሳዊ የእርግቦችን ውስጠኛ ጆሮ ከፍቶ እዚያ ያሉትን ሦስት ቀጫጭን ቅስት ቦዮች አንድ በአንድ ቆረጠ። እርግቦቹ መስማት አላቆሙም። ጭንቅላታቸው ግን በተቆረጠው ቦይ አቅጣጫ ይወዛወዝ ጀመር። ይህን ከጥንቸሎችም ላይ ሞከረው። ሆኖም የሰው ሐኪሞች ለብዙ ዓመታት ሰው አዙሮት ሲወድቅ "ደም ወደ አንጎሉ ወጣ" ይሉ ነበር። በ1861 ፕሮስፔር ሜኒየር የተባለ የፓሪስ ሐኪም ነው ተነስቶ "አይደለም፣ ማዞሩ ከጆሮ ሊመጣ ይችላል" ያለው። ዛሬም በሽታው በእሱ ስም ይጠራል።

ከዚያ ቪየና ላይ ሮበርት ባራኒ መጣ። የታማሚዎችን ጆሮ በውኃ ሲያጥብ ውኃው ቀዝቃዛ ከሆነ ዓይናቸው ወደ አንድ ወገን፣ ሞቃት ከሆነ ወደ ሌላው ወገን ሲርገበገብ አየ። ከዚህች ተራ ከምትመስል ነገር ተነስቶ የሚዛንን አሠራር አብራራና የ1914ን የኖቤል ሽልማት አገኘ። ወሬው ሲደርሰው የት ነበር መሰላችሁ? አንደኛው የዓለም ጦርነት ነበርና በሩሲያ የምርኮኞች ካምፕ ውስጥ። የተለቀቀው የስዊድን ልዑል አማልዶት በ1916 ነው። የዳልቻ ዓይን ሲርገበገብ ሐኪሙ ሰዓቱን እያየ የሚቆጥረው ለካ የዚህን ሰው ትምህርት ይዞ ነው።

ደች አገር ዩትሬክት ከተማ ደግሞ ሩዶልፍ ማግኑስ የተባለ ጀርመናዊ ነበር። በጥንቸሎች ላይ ለዓመታት ሠርቶ በ1924 ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ አንድ ነገር አሳየ፦ ወድቆ የሚነሳ እንስሳ መጀመሪያ ጭንቅላቱን ያቀናል፣ አንገት ጭንቅላትን ይከተላል፣ ገላ አንገትን ይከተላል። ይህን ሳነብ የዳልቻ መንከባለል ገባኝ። አንዱ ጆሮ ዝም ሲል ሌላው ብቻውን ስለሚናገር አንጎል "እየዞርኩ ነው" ብሎ ያምናል። ጭንቅላት ይዞራል፣ ገላም ይከተላል። አላበደችም፣ አልተቀሰፈችም። የሚዋሽ ወሬ አምና ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ሰበብ፣ ወደ ጥገኛው ልምጣ። እዚህ ላይ የምታውቁት ሰው ይገባል። ሉዊ ፓስተር።

ፓስተር ከ1865 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት የደቡብ ፈረንሳይን የሐር ትሎች የሚጨርስ በሽታ ሲያጠና ነበር። ትሎቹን የሚገድለው ጥገኛ ዛሬ ማይክሮስፖሪዲያ ከሚባሉት ወገን ነው። የጥንቸሏ ኢንሴፋሊቶዞንም ከዚሁ ወገን ነው፤ ሩቅ ዘመዳሞች ናቸው። ሁለቱም ቅንጣታቸው ውስጥ የተጠቀለለ ቀጭን ቱቦ አላቸው። ቱቦው ተፈትልኮ ወጥቶ ሕዋስን ይወጋና የጥገኛውን ሕይወት ወደ ውስጥ ያስገባል። ሁለተኛውም ሰበብ፣ ማለትም የጆሮው ባክቴሪያ፣ ከዚህ ሰው ስም አያመልጥም። ብዙ ጊዜ የጥንቸልን ጆሮ የሚመርዘው ባክቴሪያ ስሙ ፓስቱሬላ ነው፤ ለፓስተር ክብር የተሰየመ።

ሦስተኛውን ግንኙነት ግን እናንተም ታውቁታላችሁ፣ እኔ ነኝ ያስተማርኳችሁ። ሐምሌ 6 ቀን 1885 የእብድ ውሻ የነከሰው ጆሴፍ ሜይስተር የሚባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ፓሪስ ፓስተር ዘንድ መጣ። በጥቂት ቀናት ውስጥ 13 ጊዜ ተወግቶ ዳነ። ክፍል ውስጥ ይህን ስተርክ ጸጥ ትሉ እንደነበር ትዝ ይለኛል። የልጁን ስም፣ ቀኑን፣ የመርፌውን ብዛት አስጠንቻችኋለሁ። ፈተና ላይም አውጥቼዋለሁ።

መርፌው ውስጥ የነበረው ምን እንደሆነ ግን አልነገርኳችሁም። ሕብለ ሰረሰር ነበር። በበሽታው ሆን ተብለው የተለከፉ ጥንቸሎች ከሞቱ በኋላ ሕብለ ሰረሰራቸው ወጥቶ በጠርሙስ ውስጥ ተንጠልጥሎ ይደርቃል፤ በደረቀ ቁጥር ኃይሉ ይዳከማል። ልጁ መጀመሪያ በጣም የደረቀውን፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ትኩሱን ተወጋ። ያ ልጅ የዳነው በጥንቸል ጀርባ ነው።

ከዚያ ወዲህ ጥንቸል የላቦራቶሪ ዕቃ ሆና ቀረች። ዕቃ ስል በምክንያት ነው። በ1922 ራይት እና ክሬግሄድ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ሽባ የሆኑ ግልገል ጥንቸሎችን መርምረው በአንጎላቸው፣ በኩላሊታቸውና በሽንታቸው ውስጥ አንድ የማይታወቅ ጥገኛ አገኙ። በዓመቱ ፓሪስ የሚገኘው የፓስተር ተቋም ባልደረባ ኮንስታንቲን ሌቫዲቲ ከሥራ ጓደኞቹ ጋር ዛሬ የሚጠራበትን ስም ሰጠው። ያ ጊዜ ሰውን እያስተኛ የሚገድል የአንጎል ብግነት ዓለምን ያስጨነቀበት ነው። ተመራማሪዎች ከታማሚዎች የወሰዱትን ጥንቸል አንጎል ውስጥ እየወጉ ሰበቡን ይፈልጉ ነበር። ችግሩ ጥንቸሎቹ ቀድሞም የራሳቸው በሽታ ነበረባቸው። አንጎላቸው ላይ የታየው ቁስል ከተወጉት የመጣ ይሁን ከራሳቸው መለየት አቃተ።

ስለዚህ የጥንቸሏ በሽታ ወደ ታሪክ የገባው ጥንቸሏን ስላመማት አልነበረም። የሰዎችን ሙከራ ስላበላሸ ነው። የተፈለገው መድኃኒት ሳይሆን በሽታው የሌለባት ንጹሕ ጥንቸል ነበረች። የታመመችው ትወገዳለች፣ ሌላ ትተካለች።

በ1959 ጃፓን ውስጥ በአንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ላይ ይህ ወገን ታየ። በ1980ዎቹ ኤችአይቪ መስፋፋት ሲጀምር ማይክሮስፖሪዲያ አቅማቸው የተዳከመ ሰዎችን እንደሚያጠቁ ታወቀና ምርምሩ ጠነከረ። (የሰውነት መከላከያቸው የደከመ ሰዎች ቤት ጥንቸል ካለ ሽንቷን ሲያጸዱ ጓንት ያድርጉ፣ እጃቸውን ይታጠቡ፤ ቅንጣቱ የሚተላለፈው በሽንት ነው።) በነዚያው ዓመታት አሜሪካ ውስጥ ሌላ ነገር ተጀመረ። ሰዎች ጥንቸልን ከጓሮ ሳጥን አውጥተው ሳሎን አስገቡ። በ1985 ማሪኔል ሃሪማን ይህንኑ የሚያስተምር መጽሐፍ አወጣች፤ በ1988 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሃውስ ራቢት ሶሳይቲ ተቋቋመ። ሳሎን የገባች ጥንቸል ስም አላት። ስም ያላት ስትታመም "ሌላ እንተካ" አይባልም፤ ሐኪም ቤት ይዘው የሚሄዱ ሰዎች መጡ።

እና በ2001 የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች ፌንቤንዳዞል የጥንቸሏን ጥገኛ እንደሚያጠቃ የሚያሳይ ጥናት አሳተሙ። ፌንቤንዳዞል ምንድን ነው? ለከብትና ለበግ የሚሰጥ የትል መድኃኒት፣ ሁላችንም የምናውቀው የአልቤንዳዞል ዘመድ። ዛሬ የተለመደው ለ28 ቀናት መስጠት ነው። ተአምር አይደለም፤ አንጎል ላይ የደረሰውን ጉዳት መልሶ አይጠግንም፣ ሐኪሞችም ስለ ጥቅሙ ልክ አሁንም ይከራከራሉ። ግን ሂሳቡን ሥሩት። ጥገኛው ከታየ እስከዚያ ጥናት 79 ዓመት። ማወቅና ማከም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ወደ ዳልቻ ልመለስ። ሃያ ስምንቱን ቀን መድኃኒቱን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ስትንከባለል እንዳትጎዳ የካርቶን ሳጥን ዙሪያውን በተጠቀለለ ፎጣ ሞላሁት። ጥንቸል ሆዷ ከቆመ ትሞታለች፤ ግማሽ ቀን ካልበላች አስቸኳይ ነው። ስለዚህ መርፌ በሌለው ስሪንጅ የተፈጨ ምግብና ውኃ በየጥቂት ሰዓቱ በአፏ ጎን ጠብ ጠብ አደረግኩላት። ድርቆሹንና ጎመኑን አፏ አጠገብ አስቀመጥኩ። ወደ ወለሉ የዞረው ዓይኗ እንዳይደርቅ ሐኪሙ ያዘዘውን ቅባት ቀባሁ። አንገቷን በእጄ ላቃናው ብዬ አልሞከርኩም፤ ክልክል ነው። በድንገትም አላነሳኋትም፣ ዓለም የሚዞርባትን ፍጡር ከመሬት ማላቀቅ ጭካኔ ነው።

በአሥረኛው ቀን ግድም መንከባለሏን አቆመች። በሦስተኛው ሳምንት እየተንገዳገደች መጥታ ጎመን ከእጄ ወሰደች። አንጎል ቀስ በቀስ የሚዋሸውን ጆሮ ትቶ በዓይንና በእግር መመራት ይለምዳል ብሎን ነበር ሐኪሙ። ዛሬ አንገቷ ጥቂት እንዳጋደለ ቀርቷል፤ ሁልጊዜ የሆነ ነገር የምትጠይቅ ትመስላለች። ትበላለች፣ ትሮጣለች፣ ትዘላለች፣ አንዳንዴ ግድግዳ ትመታለች። ሁሉም እንዲህ አይድኑም፤ የዳልቻ ዕድል ጥሩ ነበር። የመጀመሪያውን ቀን እኔ እንዳልኩት ቢሆን ግን ይህም ዕድል አይኖራትም ነበር።

አሁን ለተማሪዎቼ። ፓስተርን ሳስተምራችሁ የዋሸሁት ነገር የለም። ልጁ ድኗል፣ ፓስተርም ታላቅ ሰው ነው፤ አገራችንን ጨምሮ በዓለም ዙሪያ ስንቱ ከእብድ ውሻ በሽታ የተረፈው ያ በር ስለተከፈተ ነው። ጥንቸሎቹ ባይኖሩ ሜይስተር ሊሞት ይችል ነበር፤ ያን ምርጫ ዛሬ ቁጭ ብዬ አልኮንንም። ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንዲት ዓረፍተ ነገር ጎደለችኝ። "በጠርሙሱ ውስጥ የነበረው የጥንቸል ሕብለ ሰረሰር ነው" ማለት አምስት ሰከንድ አይፈጅም። አላልኩም፣ ምክንያቱም አልጠየቅኩም። ዋጋውን የከፈለው ማን እንደሆነ ያልተጻፈበት ታሪክ ግማሽ ታሪክ ነው ብዬ ስለ አድዋም ስለ ባቡር ሐዲዱም ስነግራችሁ ኖሬ፣ እዚህ ላይ ራሴ ግማሹን ሰጥቻችኋለሁ።

ስለዚህ ይህ የዘገየ እርማት ነው። ከእናንተ መካከል መምህር የሆናችሁ ብዙ ናችሁና በሚቀጥለው ዓመት ስለ 1885 ስታስተምሩ ያችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ጨምሩልኝ። ተማሪ ሊስቅ ይችላል። ይሳቅ። አንዷ ግን ምናልባት እንደ ልጅ ልጄ ትጠይቅ ይሆናል።

ዳልቻ አሁን እግሬ ሥር ናት፤ አንገቷን አጋድላ ታየኛለች። ሰላምታዋን ልኬያለሁ። ደህና ሁኑልኝ።