ከጋሪ አግዳሚ እስከ ነፋሻ ወንበር፦ የተሽከርካሪ መቀመጫ ሙቀትና ቅዝቃዜ ታሪክ በታቦር ሥር

ታቦር በሐዋሳ ከተማ ለሚገኝ ኮረብታና በኮረብታው ስም ለሚጠራ ክፍለ ከተማ የተሰጠ ስያሜ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው ሐዋሳ ከወይና ደጋው በታችኛው ክፍል የምትመደብ በመሆኗ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት ጋቢ የሚያስደርብ ብርድ ቢኖራትም፣ እኩለ ቀን ሲሆን ሰውም ከብትም ጥላ ፈልጎ ይጠጋል፤ ሰባት ዲግሪ ሰሜን ላይ በመሆኗም ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመጋቢትና በነሐሴ መጨረሻ፣ ቀትር ላይ ከአናት በላይ ትቆማለች። የነሐሴዋን ደመና ይጋርዳታል፤ የመጋቢቷን የሚጋርዳት የለም። የተሽከርካሪ መቀመጫ ሙቀትና ቅዝቃዜ ታሪክ እንዲህ ባለ ቦታ ሲመረመር ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ የተለየ መልክ ይዞ ይገኛል። በእነዚያ አገሮች ሙቀት በገንዘብ የተገዛ ምቾት ሲሆን፣ በታቦር ሥር ግን ማንም ሳይጠራው ከሞተር የሚመጣ ነገር ነበር፤ ሲፈለግ የኖረው ነፋስ ነው።

መቀመጫን ከብርድ ጋር አስማምቶ ማሰናዳት ለኢትዮጵያውያን አዲስ ጥበብ አይደለም። በደጋው ቤት በጭቃ የሚሠራው መደብ የገላን ሙቀት ስለሚስብ በላዩ ቁርበት ወይም አጎዛ፣ ማለትም ጸጉሩ ሳይነሣ የለፋ የበግ ቆዳ፣ ይነጠፍበታል። አጎዛ የሚሞቀው የራሱ ሙቀት ኖሮት ሳይሆን፣ በጸጉሩ መካከል ታግቶ የሚቀረው አየር የተቀማጩን ሙቀት ወደ ታች ስለማያሳልፍ ነው። ይኸው ጸጉር ከክብደቱ ሲሶ የሚያህል እርጥበት መጥጦ እጅ ሲነካው ገና ደረቅ ስለሚመስል፣ በሙቀት ጊዜ ደግሞ ላብን ከገላ ያርቃል። አንድ ንጣፍ ለሁለቱም ወራት መብቃቱ፣ የኋላ ዘመን መሐንዲሶች በሽቦና በማራገቢያ ለመድረስ የደከሙበት ግብ ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

ሐዋሳ በ1952 ዓ.ም. በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት ስትቆረቆርና በኋላም የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ከይርጋለም ወደ እርሷ ሲዛወር፣ ሜዳማነቷና ቀጥ ያሉ ሰፋፊ ጎዳናዎቿ ለፈረስ ጋሪ ተስማሚ አደረጓት። ጋሪው በሁለት የመኪና ጎማ ላይ የቆመ የእንጨትና የብረት ሥራ ሲሆን፣ መቀመጫው ጥቂት ስፖንጅ ተደርጎበት በላስቲክ የተለበጠ አግዳሚ ነው፤ ላስቲኩ ፀሐይ ላይ ቆሞ ሲግል ባለጋሪው ጨርቅ ጣል ያደርግበታል፣ ተሳፋሪውም ነጠላውን አጥፎ ይቀመጥበታል። ግድግዳም መስተዋትም ስለሌለው ፈረሱ በሶምሶማ መሄድ ሲጀምር ነፋሱ በተሳፋሪው ጀርባና ጎን ያልፋል። ጋሪ ለፈረሱ የመከራ ኑሮ እንደነበር የሚካድ አይደለም፤ ይሁንና የመቀመጫውን አየር ብቻ ነጥሎ ለሚመዝን ሰው፣ ከዚያ በኋላ የመጡት ተሽከርካሪዎች ረዘም ላለ ጊዜ ሊተኩት ያልቻሉት ነገር ነበረው።

በሞተር የሚሄድ መኪና አገሩን ያወቀው ቀደም ብሎ፣ እንግሊዛዊው ቤንትሊ በ1900 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ባስገባው መኪና አማካይነት ነው። ለደቡቡ መንገድ ግን ከዚያ የቅንጦት መኪና ይልቅ የጣሊያኑ ፊያት ሥራ የሆነውና በሕዝብ ዘንድ ኤንትሬ ተብሎ የታወቀው የጭነት መኪና የበለጠ ትርጉም አለው። ይህ መኪና አፍንጫ የለውም፤ ይኸውም ሞተሩ ከፊት ተነጥሎ የወጣ ሳይሆን ጋቢናው ውስጥ ገብቶ በሹፌሩና በረዳቱ መካከል የተቀመጠ ነው። ከሞጆ በባቱና በሻሸመኔ አልፎ ሐዋሳ በሚያደርሰው የስምጥ ሸለቆ መንገድ ላይ የሞተሩ ሙቀት በሽፋኑ አልፎ ጭንን ያቃጥል ነበር። ሚኒባስም ከዚህ አልራቀም፤ በታክሲነት የተለመደው የቶዮታ ሥሪት ሞተሩ ከጋቢናው ወንበር ሥር ስለሆነ፣ መሐል የደረሰው ሰው ሞተር ላይ ተቀመጠ ይባላል፤ ማለዳ ላይ የሚቀናበት፣ ቀትር ላይ የሚሸሽ ቦታ ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ ጋሪን ከዋና ዋና ጎዳናዎች እየገፋ የገባው ባጃጅ ደግሞ ሞተሩን ከኋላ በተሳፋሪው በኩል የያዘ ሲሆን፣ ጎኑ ክፍት መሆኑ ብቻ የጋሪውን ነፋስ በከፊል አስቀርቶለታል።

በዓለም ደረጃ ወንበርን ሆን ብሎ የማሞቅ ሐሳብ ከብርድ አገር የተነሣ ነው። የጄኔራል ሞተርስ ባልደረባ የነበረው ሮበርት ባላርድ እ.ኤ.አ. በ1951 የፈጠራ ባለመብትነት ማመልከቻ አስገብቶ በ1955 መብቱ የተሰጠው ሲሆን፣ ፈጠራው በካዲላክ መኪኖች ላይ ለገበያ የቀረበው በ1966 ነው፤ የስዊድኑ ሳዓብ ደግሞ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወንበር ማሞቂያን ከመኪናው ጋር አብሮ ማቅረብ ጀመረ። አሠራሩ ከቤት የኤሌክትሪክ ምድጃ አይለይም። ከወንበሩ ልባስ ሥር፣ ከስፖንጁ በላይ፣ ቀጭን ሽቦ ወይም የካርበን ክር እየተጠማዘዘ የተሰፋበት ምንጣፍ ይዘረጋል፤ ኤሌክትሪክ በዚህ ክር ሲያልፍ የሚገጥመው እንቢታ፣ በሙያው አነጋገር ሬዚስታንስ የሚባለው፣ ጉልበቱን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ምንጣፉ ውስጥ የተቀበረ ሙቀት ለኪ መጠኑ ሲደርስ ኃይሉን ያቋርጣል፣ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይለቃል። በ12 ቮልት ባትሪ 60 ዋት የሚወስድ ወንበር 5 አምፒር ይስባል ማለት ነው፤ ክሩ በአንድ መስመር ብቻ የተዘረጋ ከሆነ ደግሞ በአንድ ቦታ ሲበጠስ መላው ምንጣፍ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቀራል።

ማቀዝቀዝ ከማሞቅ ይልቅ አስቸጋሪ ስለሆነ ሠላሳ ዓመት ያህል ዘግይቶ መጣ። ሳዓብ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣው መኪና ያቀረበው በነፋስ የሚቀዘቅዝ ወንበር፣ ቆዳው በመርፌ የተወጋ የሚመስል፣ ስፖንጁ በቦይ የተከፈለ ሲሆን፣ ውስጡ የተቀበሩ ትንንሽ ማራገቢያዎች አየሩን በእነዚያ ቀዳዳዎች ያንቀሳቅሱታል። ይህ ወንበር በራሱ ቀዝቃዛ አይደለም፤ ሥራው ላብን ማድረቅ ነው፤ አንድ ግራም ላብ ተንኖ ሲጠፋ 2,400 ጁል ገደማ ሙቀት ከገላ ይዞ ስለሚሄድ፣ ተቀማጩ ብርድ የተሰማው ይመስለዋል። ጋሪው በነጻ ይሰጥ የነበረውም ይህንኑ ነው። ሁለተኛው ዓይነት በእርግጥም የሚያቀዘቅዘው ሲሆን፣ ፈረንሳዊው ዣን ፔልቲዬ እ.ኤ.አ. በ1834 በደረሰበት ግኝት ላይ ይመሠረታል፤ ከቢስመትና ከቴሉሪየም የተሠሩ ሁለት ዓይነት ቁራጮች ተገጣጥመው ኤሌክትሪክ ሲያልፍባቸው አንዱ ፊታቸው ይቀዘቅዛል፣ ሌላው ይግላል፤ የኤሌክትሪኩ አቅጣጫ ሲገለበጥ ሥራቸውም ይገለበጣል። በዚህ ስልት የተሠራው ወንበር በአሜሪካው ሊንከን ናቪጌተር በ2000 ሞዴል ገበያ ላይ ዋለ።

በኢትዮጵያ ይህ ምቾት ለረጅም ጊዜ የጥቂት ውድ መኪኖች ዕቃ ሆኖ የኖረ ሲሆን፣ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ግን በኤሌክትሪክ መኪኖች አማካይነት ይበልጥ ይታያል። የኤሌክትሪክ መኪና ትርፍ የሞተር ሙቀት ስለሌለው ጋቢናውን ለማሞቅ በሺህ የሚቆጠር ዋት ከባትሪው ይወስዳል፤ ወንበርን ማሞቅ ግን በመቶ ዋት ያልቃል። አምራቾች ማሞቂያውን የሚወዱት ለዚህ ነው፤ ለሐዋሳ ግን ይህ ምክንያት አይሠራም። ወንበር ላይ ሦስት የተጠማዘዘ መስመር የተሣለበት ቁልፍ ለኅዳር ንጋት ካልሆነ በቀር ሳይነካ ይከርማል፣ ማራገቢያ የተሣለበት ግን ከመጋቢት እስከ ሚያዝያ አያርፍም።

አዲስ መኪና የገዛ ሰው ወንበሩ እንዳይቆሽሽ ወደ ዲኮር ቤት ወስዶ በላስቲክ ወይም በሰው ሠራሽ ቆዳ ማልበሱ የተለመደ ነው። በነፋሻ ወንበር ላይ ይህ ልማድ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፤ ማራገቢያው ይጮኻል፣ ነፋሱም ከልባሱ ሥር ይቀራል። ከወንበሩ ጎን የአደጋ መከላከያ ከረጢት ያለው መኪና ከሆነ ደግሞ ጎኑ የተሸፈነ ልባስ ከረጢቱ እንዳይፈነዳ ስለሚያግድ፣ ልባስ የግድ ካስፈለገ ጎኑ ክፍት የሆነና ቀዳዳ ያለው እንዲሆን ማዘዝ ይገባል።